ክቡር ዳኛው ሲጋር ሲመርጡ

መራጭ ደንበኛ የሌለበት ሱቅ ገና አልተከፈተም። ጫማ ቤት ብትሄዱ አለ፤ ሁለቱንም እግር አጥልቆ ሱቁን ሦስት ጊዜ ይዞርና "በዚሁ ቁጥር ሌላ ቀለም የላችሁም?" ይላል። ቲማቲም ተራ ብትሄዱ አለ፤ ከላይ የተደረደረውን በጥርጣሬ አይቶ "እስቲ ከሥር ያለውን" ይላል። ጨርቅ ቤት ገብቶ ክር መዝዞ ያቃጥላል፣ ዕቃ ቤት ገብቶ ብርጭቆ በጥፍሩ እየመታ ያዳምጣል፣ የሬሳ ሣጥን የሚሸጥበት ቤት እንኳ ሳይቀር ገብቶ እንጨቱን ያንኳኳና "ይቆያል?" ብሎ ይጠይቃል። ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። ከሩቅ ሲመጣ ያየው ሻጭ ድንገት ሥራ ይበዛበታል፤ ጀርባውን አዙሮ ዕቃ መደርደር ይጀምራል። መራጩ ግን ምን ቸገረው፣ ይጠብቃል። ዞር ሲሉ እዚያው አለ።

የዚህ ወገን ሁሉ አውራ ክቡር ዳኛው ናቸው። ሐሙስ ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ ልክ በአስር ሰዓት፣ አንዲት ጠባብ ሲጋር ቤት ውስጥ ችሎት ይቀመጣሉ። ዳኛ ሆነው እንኳ አያውቁም፤ አርባ ዓመት ሙሉ ዳቦ ሲጋግሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰውዬ ናቸው። ማዕረጉን የሰጠቻቸው የሱቁ ሻጭ ናት። እሷን ደግሞ ሰፈሩ "ባለቁልፏ" ይላታል፤ የሲጋሮቹን ቁምሳጥን ቁልፍ በክር አስራ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ስለምትውል ነው። ሱቁ የአጎቷ ነው፤ ከባንኮኒው ጀርባ ሃያ ዓመት የቆመችው ግን እሷ ናት።

የችሎቱ ሥርዓት ተቀይሮ አያውቅም። ክቡር ዳኛው በሩ ላይ ጫማቸውን ሁለቴ ይጠርጋሉ። ኮፍያቸውን አውልቀው ባንኮኒው ላይ ያኖራሉ። ጥግ ያለችውን የእንጨት ወንበር ስበው ከቁምሳጥኑ ፊት ለፊት ይቀመጡና የቀኝ አውራ ጣታቸውን በመሐረብ ይወለውላሉ። በዚህ ጊዜ ባለቁልፏ ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ የመስታወቱን በር ትከፍታለች። "ክቡር ዳኛ፣ ተከሳሾቹ ቀርበዋል" ትላለች በሆዷ።

"እንደምን ዋልሽ ልጄ። የዛሬዋ ለስላሳ ትሁን።"

"ለስላሳዎቹ እነዚህ ናቸው ጋሼ።"

"ክሬም ያላት።"

"ክሬምም አላቸው።"

"ለስላሳ ነው ያልኩሽ፤ ደካማ አላልኩም። ደካማማ ካማረኝ ቤቴ ሙቅ ውሃ አለ።"

ይህን ስምንት ዓመት ሙሉ በየሐሙሱ ብለውታል። በእሳቸው ሕግ ለስላሳ ማለት ጉሮሮ የማይቧጭር ነው። ክሬም ያላት ማለት ደግሞ ጭሷ አፍ ውስጥ ወፈር ብሎ፣ እንደ ወተት አናት ምላስ ላይ ተኝቶ፣ ሳይቸኩል የሚወጣ። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘች ሲጋር ከአንድ ሳጥን ሁለት ብትገኝ ነው፤ ፋብሪካው ሁሉም አንድ ናቸው ብሎ ቢምል አያምኑትም። "እኔ ከአንድ ሊጥ የቆረጥኩት ዳቦ አንድ ዓይነት አይወጣም ነበር። ይሄ ደግሞ የሰው እጅ የጠቀለለው ቅጠል ነው፤ አንዷን የጠቀለላት ሰው ያን ቀን ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?" ይላሉ።

ምርመራው የሚጀምረው በዓይን ነው። የላይኛው ቅጠል ፈዘዝ ያለ ወርቃማ፣ ደም ሥሩ የማይጎላ መሆን አለበት። ቀጥሎ አፍንጫ ይመጣል፤ የሚለኮሰውን ጫፍ አሽትተው ወደ ጣሪያ ያያሉ፣ እንደገና አሽትተው ወደ ባለቁልፏ ያያሉ፣ እሷ ያበላሸችው ይመስል። መጨረሻ ላይ የአውራ ጣት ተራ ይሆናል። ሲጋሯን በሁለት ጣት ይዘው ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ የተኛ ሕፃን ጉንጭ እንደሚነካ ሰው፣ ቀስ አድርገው ይጫኗታል። ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ባለቁልፏም ትንፋሿን ትውጣለች፤ ከአክብሮት ሳይሆን ቀጥሎ የሚመጣውን ስለምታውቀው ነው።

"ይቺ ተጠምታለች።"

ሲጋር ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይመራል፤ ሲርስ ደግሞ ይሻግታል። ስለዚህ ከቁምሳጥኑ ሥር የውሃ ሳህን ይቀመጥለታል፣ ከላይኛው መደርደሪያ ላይም ክብ የእርጥበት መለኪያ ተሰቅሏል። መርፌው ሰባ ላይ ከቆመ ሁሉ ነገር ደህና ነው ማለት ነው። መርፌው ሰባ ላይ ነው። ባለቁልፏ በየሐሙሱ ጣቷን ትቀስርበታለች።

"ሰባ ነው የሚለው ጋሼ! ይኸው፣ ይዩት!"

"ይበል።"

"መሣሪያ እኮ ነው፤ ምን ያዋሸዋል?"

"እኔ የጠየቅኩት እሷን ነው። ተጠማሁ ትላለች።"

ባለቁልፏ ከዚህ በላይ አትከራከርም። የውሃ ማሰሮውን በንዴት ታነሳና፣ ከሰውየው አፍ ለመገላገል ብቻ፣ ሳህኑን እስከ አፉ ትሞላዋለች። ሳህኑን ብዙ ጊዜ ባዶ ሆኖ ነው የምታገኘው፤ ግን ተናድዳ ስለምትሞላው ልብ ብላው አታውቅም።

ለአንዲት ሲጋር ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን እንዳትሉ፤ አንዲት ስለሆነች ነው። ሐኪማቸው "ጨርሰው ይተዉ" አላቸው። እሳቸው "በቀን አንድ" አሉት። ነርስ የሆነችው ልጃቸው መሃል ገብታ ስትለምን፣ ስታኮርፍ፣ ስታለቅስ ከረመችና በሳምንት አንዲት ላይ ታረቁ፤ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ በረንዳ ላይ፣ ልጅየዋ እያየች። ጥርሳቸውን ነክሰው ተስማሙ። አንዲቷን ግን ማንም እንዲመርጥላቸው አልፈቀዱም። "ስድስቱን ቀን ወስዳችሁብኛል፤ በሰባተኛው እንዳትመጡብኝ" አሉ፣ አበቃ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ሳይቀመጡ በፊት የፍርድ ሐተታ ያሰማሉ። "ያለፈችው እስከ ግማሽ እመቤት ነበረች። ከግማሽ በኋላ ከዳችኝ።"

"ምን ላድርግ ታዲያ ጋሼ፣ ግማሹን ልመልስልዎት?"

"አይ፣ እንድታውቂው ብዬ ነው።"

የሌላ ደንበኛ ጉዳይም አያልፋቸውም። አንድ ቀን አንድ የቸኮለ ሰው መኪናውን ሳያጠፋ በር ላይ አቁሞ ገባና "ለአለቃዬ ስጦታ ነው፤ ከትልቁ፣ ከጥቁሩ ስጪኝ" አላት። ክቡር ዳኛው ፊታቸውን ሳያዞሩ "አለቃህ ጠላትህ ነው?" አሉት።

"ኧረ አይደለም!"

"አጭሶ ያውቃል?"

"አይመስለኝም።"

"እንግዲያው ያንን ከሰጠኸው ሰኞ ሥራ ትፈልጋለህ። መኪናህን አጥፋና ና።" ሰውየው መኪናውን አጠፋ። ግማሽ ሰዓት ቆሞ ሲያሸት፣ ሲነካ፣ ጆሮውን ሲያክ ቆየና አንዲት ወርቃማ ይዞ ወጣ። በወሩ አለቃውን አስከትሎ መጣ። አለቃውም መራጭ ሆኖ አረፈው፤ ባለቁልፏ ያን ቀን ምሳዋን አልበላችም።

አንድ ሌላ ሐሙስ ዝናብ ጥሎ፣ ሰማዩ ጠቁሮ፣ መብራት ድርግም አለ። ባለቁልፏ "እንግዲህ ችሎቱ ተበተነ" ብላ ደስ ብሏት ቁልፏን ስትፈልግ ከጨለማው ውስጥ "መብራት የሚያስፈልገው ለዓይን ነው፤ ጣቴ ምን ሆነ?" የሚል ድምፅ ሰማች። ማታ ቤቷ ስትገባ ባሏ እንደ ልማዱ "ዛሬ ስንት ደቂቃ?" አላት። "ስልሳ አንድ!" አለች ጫማዋን እያሽቀነጠረች። "ግማሹን በዳበሳ!"

ባለፈው ዓመት አጎቷ አረፉና ሱቁ ለልጃቸው ደረሰ። የወተት ጥርሱን ሲነቅል የያዘችው እሷ ናት፤ አሁን ግን የንግድ ሥራ ተምሮ፣ ሁለት ስልክ ይዞ፣ ሽቶ ተቀብቶ መጣ። ባለቁልፏ በሆዷ "ዘመናዊው" አለችው። ክፉ ልጅ አይደለም። ብቻ ሰዓት ይወዳል። በመጀመሪያው ሐሙስ ጥግ ቆሞ በአንደኛው ስልኩ የክቡር ዳኛውን ችሎት ለካ፤ ሃምሳ ሰባት ደቂቃ፣ አንዲት ሲጋር። በማግስቱ ቁምሳጥኑ አጠገብ ግድግዳው ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። "በእጅ መንካት ክልክል ነው። ምርጫ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። አስተዳደሩ።"

"አስተዳደሩ ማነው?" አለች ባለቁልፏ።

"እኔ።"

"ሌላስ?"

"እኔ ብቻ። እታለም፣ ሁሉም ከአንድ ፋብሪካ የመጣ ነው። መለኪያው ሰባ ይላል። ምን የሚመረጥ ነገር አለ?"

ስምንት ዓመት ሙሉ እሷም ያለችው ይህንኑ ነው። ወንበሯን አንስቶ ጓዳ ሲያስገባት በሩን ከፈተችለት።

ሐሙስ በአስር ሰዓት ክቡር ዳኛው ጫማቸውን ሁለቴ ጠርገው ገቡ። ጥጉን አዩት። ወንበር የለም። ኮፍያቸውን ሳያወልቁ ማስታወቂያውን ከላይ እስከ ታች ጮክ ብለው አነበቡት።

"ይሄ እኔን ነው?"

"ሁሉንም ደንበኛ ነው አባት" አለ ዘመናዊው።

"ሁሉም ደንበኛ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እኔን ነው።"

"እሺ፣ እርስዎን ነው።"

"ጎሽ። ሲነግሩኝ ፊት ለፊት ነው የምወደው። እኔም ልንገርህ፤ ሳልነካ አልገዛም።"

"እንግዲያው ያለ ሲጋር መቅረትዎ ነው።"

"ልቅራ! ሐኪሜን ደስ ይበለው።" ኮፍያቸውን ወደ ግንባራቸው ጫን አድርገው ወጡ። ባለቁልፏን አላዩዋትም።

ተገላገልኩ አለች። ያን ማታ ባሏ ሲጠይቃት "ሁለት ደቂቃ!" ብላ ሳቀች። በሚቀጥለው ሐሙስ አስር ሰዓት ሲሆን ግን ሳታስበው ወደ በሩ አየች። ክቡር ዳኛው አሉ። ውጭ፣ የእግረኛው መንገድ ላይ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ በመስኮቱ መስታወት ቁምሳጥኑን እያዩ። አይጮሁም፣ አይሳደቡም፣ በሩን አይዘጉም። አላፊ አግዳሚው ምን እንደሚያዩ ለማወቅ እየቆመ ያያል። ከማዶ ያለው ጫማ ሠሪ መርፌውን እንደያዘ መጣና "ሰው እየጠበቁ ነው?" አላቸው።

"እየመረጥኩ ነው።"

ሃምሳ ደቂቃ ቆሙ። ከዚያ ኮፍያቸውን በጣታቸው ነካ አድርገው፣ ምንም ሳይገዙ፣ ሄዱ። በሦስተኛው ሐሙስ ዣንጥላ ይዘው መጡ፤ ዝናቡ ከጎን እየመታቸው መረጡ። ዘመናዊው መረጋጋት አቃተው።

"ፖሊስ ልጥራ እንዴ?"

"ምን ብለህ?" አለች ባለቁልፏ። "መስኮት አየብኝ ብለህ?"

ንዴት ንዴት አላት፤ በማን እንደሆነ ግን አላወቀችውም። ያለፈችው ሲጋር ግማሽ ላይ እንደከዳች የሚነግራት ሰው ከጠፋ ሦስት ሳምንት ሆነ። ማሰሮዋም ከቦታዋ አልተነሳችም። ማን ያናድዳትና ታንሳት?

በዚያው ሳምንት አንድ ደንበኛ የተሰነጠቀች ሲጋር መለሰላቸው። "ኪሱ ውስጥ አጥፏት ነው" አለ ዘመናዊው። ጫማ ሠሪው ደግሞ የገዛት እንደመረረችው ተናገረ። "አፉ ነው" አለ ዘመናዊው። መለኪያው ሰባ ይላላ! እሱ ያን ቀን ሌላ ደስታ ላይ ነበር። አንድ ትልቅ ሆቴል ጡረታ የሚወጣ ሥራ አስኪያጁን ለመሸኘት ሃምሳ ሲጋር አዟል፤ ለስላሳ፣ ክሬም ያለው፣ ምርጥ የተባለው። ዘመናዊው ነገውኑ እንዲላክ ፈለገ።

ረቡዕ ከሰዓት ባለቁልፏ ሲጋሮቹን በሚያምር ሳጥን ውስጥ ልትደረድር ተቀመጠች። የመጀመሪያዋን ስታነሳ አውራ ጣቷ ማንም ሳያዘው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደ። ቅጠሏ ከጣቷ ሥር እንደ ደረቅ ወረቀት ተንኮሻኮሸች።

"ይቺ ተጠምታለች" የሚል ድምፅ ሰማች። ማን እንዳለው ዞራ አየች። ራሷ ነበረች።

መለኪያውን አየችው። ሰባ። ከመስቀያው አወረደችውና ውጭ ፀሐይ ላይ ይዛው ቆመች። ሰባ። ጓዳ ገብታ ውሃ ጥዳ በእንፋሎቱ ላይ ያዘችው። ሰባ። መጨረሻ ላይ ማሰሮው ውስጥ ውሃ ሞልታ ሙሉውን ጨመረችው። ከውሃው ሥር ሆኖ ሰባ ብሎ አፈጠጠባት።

ያኔ ትዝ አላት። ክቡር ዳኛው መምጣት በጀመሩ በዓመቱ ይሆናል፣ መስታወቱን ስትወለውል መለኪያው ከእጇ አምልጦ ሲሚንቶው ላይ ወድቋል። ደንግጣ አነሳችው፣ አራገፈችው፣ አየችው። ሰባ ላይ ነበር። ተመስገን አልተበላሸም ብላ ወደ ቦታው መለሰችው፣ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። አጎቷ ጠዋት ጠዋት መነጽራቸውን አድርገው እያዩት "እሰይ!" ይሉ ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ "እሰይ!" የተባለው የሞተ መርፌ ነው። ቁምሳጥኑን ያኖረው የአንድ ጡረተኛ ዳቦ ጋጋሪ አውራ ጣትና የእሷ ንዴት ነበሩ። መቀመጫዋ ላይ ሆና አለቀሰች፣ ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ ተነሳች።

"ሃምሳዎቹ ደርቀዋል፤ አይሄዱም" አለችው ዘመናዊውን።

"መለኪያው እኮ..."

"መለኪያው ያውልህ፤ እየዋኘ ነው።"

ማሰሮው ውስጥ አየ። "ማነው የሰበረው?"

"እኔ።"

"መቼ?"

"አንተ ገና ጢም ሳታበቅል።"

ትንሽ አሰበና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እሺ፣ ማን ያውቃል? የወረቀት ቀለበታቸው ወርቃማ ነው፣ ሳጥናቸው ያምራል። እንግዶቹ ፎቶ ተነስተው ይጥሏቸዋል።"

"እኔ አውቃለሁ።"

"እታለም፣ ባለሱቁ እኔ ነኝ።"

"ነህ።"

"እንግዲያው ቁልፉን ስጪኝ።"

ባለቁልፏ እጇን ደረቷ ላይ ጫነች። ሃያ ዓመት እዚያ የተንጠለጠለ ቁልፍ ነው። ከሰጠችው ነገ ጠዋት ወዴት እንደምትሄድ አታውቅም፤ ከዚህ ሱቅ ሌላ ሥራ ሠርታ አታውቅም፣ ስሟም ቢሆን ቁልፉ ነው።

"ከፈለግክ ከነአንገቴ ውሰደው።"

"ሥራሽን ታጫለሽ!"

"ልጣዋ! አባትህ እያሉ አንድ ቀን ደረቅ ሲጋር አልሸጥኩም። አሁንም አልሸጥም። ሰው ሰላሳ ዓመት ሠርቶ ሲሸኝ አፉን የሚመረው ከእኔ እጅ አይደለም።" የሱቁን ስልክ አንስታ እዚያው ፊቱ ሆቴሉ ጋ ደወለች። ሲጋሮቹ ዝግጁ እንዳልሆኑ፣ አሥር ቀን እንደሚፈጅ፣ ካልፈለጉም ሌላ ቦታ መግዛት እንደሚችሉ ነገረቻቸው። ከወዲያ ያለችው ሴት ግብዣው ገና ከሁለት ሳምንት በኋላ መሆኑን፣ ማን እንዳስቸኮላቸውም እንዳልገባት ተናገረች። ባለቁልፏ ስልኩን ስትዘጋ ያስቸኮለው ዘመናዊው ሁለቱንም ስልኮቹን ይዞ ወጣ። በሩን ወርውሮ ዘጋው።

ማስታወቂያውን በጥፍሯ ላጠችው። ሙጫው ጠንካራ ስለነበር መጨረሻዋ ቃል አልነሳ አለች፤ ግድግዳው ላይ "አስተዳደሩ" የምትለዋ ብቻዋን ቀረች። ትቅር አለች። ወንበሯን ከጓዳ አውጥታ አቧራዋን ጠርጋ ቦታዋ አስቀመጠቻት።

ሐሙስ አስር ሰዓት ሆነ። ክቡር ዳኛው መስኮቱ ጋ ቆመዋል። ወንበሯን በመስታወቱ አዩዋት፤ አልተንቀሳቀሱም። ባለቁልፏ ወጣች።

"ይግቡ ጋሼ።"

"ማስታወቂያ አለ።"

"ላጥኩት።"

"ማን ፈቀደልሽ?"

"ማንም።"

ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ፈካ አለ። "እንደሱ ከሆነ እገባለሁ" አሉና ጫማቸውን ሁለቴ ጠረጉ።

ተቀምጠው አውራ ጣታቸውን ወለወሉ። አንዷን ነኩ፣ ሁለተኛዋን፣ ሦስተኛዋን። ዓይናቸውን ጨፍነው ብዙ ቆዩ። "አራት ሳምንት ውሃ አላዩም" አሉ። ልክ ነበሩ። ባለቁልፏ የመለኪያውን ታሪክ አንድ በአንድ ተናዘዘች። ክቡር ዳኛው ሲጋሯን ወደ ቦታዋ መለሷት።

"ሰባት ዓመት ሙሉ ውሸታም ስትዪኝ ነበር ማለት ነው።"

"ኧረ አላልኩም!"

"በዓይንሽ ብለሻል።"

"በዓይኔስ ብያለሁ" አለች። "ይቅር ይበሉኝ ጋሼ። ይድናሉ?"

"በአንዴ ከደፋሽባቸው አብጠው ይፈነዳሉ። ቀስ እያልን ነው። ዛሬ አንድ እርጥብ ስፖንጅ፣ ከነገ ወዲያ ሁለት። ሊጥም ቢሆን ከተቆጡት አይነሳም።"

አሥር ቀን በተከታታይ መጡ። ሃምሳዎቹን በየቀኑ አንድ በአንድ እየነኩ፣ እየገለበጡ፣ ቦታ እያቀያየሩ አስታመሟቸው፤ አንዷንም ለራሳቸው አላነሱም፣ ለልጃቸው የሰጡት ቃል ቃል ነው። በአሥረኛው ቀን "ይሂዱ" ብለው ፈረዱ። ሳጥኑ ለሆቴሉ ሄደ፤ ጡረተኛው ሥራ አስኪያጅም ከሸኙት በኋላ ሱቁን ፈልጎ መጣና ከየትኛው ሳጥን እንደሆነ ጠየቀ። መራጭ መሆኑ ነው እንግዲህ፤ ባለቁልፏ በዚህኛው አልተቆጣችም።

ዘመናዊው ቁልፉን ዳግመኛ አልጠየቀም። አሥሩንም ቀን ስልኩን የሚያይ መስሎ ከጥግ ሲያይ ከረመ። በአሥራ አንደኛው ቀን ጉሮሮውን ጠረገና "አባት፣ ለአማቴ የምትሆን አንዲት..." አለ።

"አማትህ ጠላትህ ነው?"

"ኧረ በጭራሽ! ገና ማግባቴ ነው።"

"እንግዲያው ወንበር አምጣ።" ከጓዳ ሁለተኛ ወንበር ወጣ። ያን ቀን ስንት ደቂቃ እንደፈጁ የለካ የለም።

አዲስ መለኪያ ተገዛ፤ ቁጥሩ በመብራት የሚጻፍ፣ የማይዋሽ። ክቡር ዳኛው መጀመሪያ ሲያዩት ፊታቸው ጠቆረ። "ምን ይላል?" አሉ። "ስልሳ ዘጠኝ" አለች ባለቁልፏ። አንዷን ሲጋር ተጫኗት። "ስልሳ ስምንት ነው" አሉ። ትንሽ ቆይቶ ቁጥሩ ራሱ ስልሳ ስምንት አለ፤ ክቡር ዳኛው አልተገረሙም።

ነገር ግን ከዚያ በኋላ የተጠማች ሲጋር ጠፋች። ውሃው በሰዓቱ ይሞላል፣ ሳህኑ ባዶ ሊሆን ሲል መለኪያው ይጮሃል። ሁለት ሐሙስ ክቡር ዳኛው ሁሉንም ነክተው ምንም ሳያገኙ በሃያ ደቂቃ ወጡ። ባለቁልፏ ከጀርባቸው ስታያቸው ትከሻቸው ወረድ ያለ መሰላት። እንዲህ እንደምትወዳቸው እስከዚያ ሰዓት አላወቀችም ነበር። ለባሏም አልነገረችው፤ "ሃያ ደቂቃ" ብላ ብቻ ሳትስቅ ራቷን አቀረበች።

ከዚያ ወዲህ አንዲት ሲጋር ከቁምሳጥኑ አውጥታ፣ መስኮቱ አጠገብ ባለው መሳቢያ ውስጥ ፀሐይ እያስመታች ታደርቃለች። ሐሙስ ጠዋት ማንም ሳያያት ከእርጥቦቹ መሃል ትሸጉጣታለች። አስር ሰዓት ላይ ችሎቱ ይሰየማል፤ ጣት ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳል፤ ዓይን ይጨፈናል።

"ይቺ ተጠምታለች!"

"ውይ! እንዴት አመለጠችኝ ጋሼ!" ትልና ማሰሮዋን በንዴት ታነሳለች። ንዴቱን ባሏ ፊት ተለማምዳዋለች። ክቡር ዳኛውም ትከሻቸውን ቀና አድርገው ስልሳ ደቂቃቸውን ሞልተው ይወጣሉ።

ይህ ሲሆን ዓመት አለፈው። ባለፈው ሐሙስ ክቡር ዳኛው የተጠማችዋን አግኝተው፣ ፈርደው፣ ለስላሳዋን ክሬም ያላትን መርጠው፣ ኮፍያቸውን አድርገው በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

"ልጄ፣ የምትደብቂልኝን ቦታ ቀያይሪ እንጂ።"

ባለቁልፏን ማሰሮው ከእጇ ሊያመልጣት ነበር። "ያውቁ ነበር?"

"ከመጀመሪያዋ ሐሙስ።"

"ታዲያ ዓመት ሙሉ ለምን ዝም አሉ?"

"እንዳትተዪው ብዬ ነዋ!" አሉና በሩን ከፈቱ። ግማሽ አካላቸው ውጭ ሆኖ በቁጣ ዞሩባት። "ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ እዚያው ሁለተኛው ረድፍ ላይ? ናቅሽኝ እንዴ?"